በየሁለት ሰዓቱ

ጽጌማርያም ሲስተር አልነበረችም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ እሷም ከስሟ በፊት የምትናገረው ይህንኑ ስለነበረ ነው። «ሲስተር» ብሎ የጠራት ሰው ሁሉ፣ ደሙ እየፈሰሰም ቢሆን፣ «ድሬሰር ነኝ፤ ሲስተር ሌላ ናት» የሚለውን ሳይሰማ ፋሻ አይጠመጠምለትም። ሰዉም አዳምጦ ሲጨርስ «እሺ ሲስተር» ይላታል። አሥራ አንድ ዓመት አብሬያት ስሠራ በዚህ ጉዳይ አንድም ሰው ማሸነፍ አልቻለችም። በሌላው ነገር ስትሸነፍ ያየኋት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የማወራችሁም ስለዚያ ነው።

እኔ ደጀኔ እባላለሁ። ከዲላ ወደ ገደብ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከይርጋጨፌ ወጣ ብላ በነበረች ባለ ሦስት ክፍል ክሊኒክ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ካርድ ክፍል ማለት አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መደርደሪያና እኔ ነን። ሰው ሲጎድል ሚዛን እይዛለሁ፣ መርፌ እቀቅላለሁ፣ ጽጌማርያም ወደ ገጠር ስትወጣ ደግሞ ሣጥኗን እሸከማለሁ። ያዝልኝ ብላኝ አታውቅም። ዝም ብላ መንገድ ትጀምራለች፣ ሣጥኑ መሬት ላይ ይቀራል፣ እያጉረመረምኩ አነሳዋለሁ።

ተወልዳ ያደገችው ዲላ ነው፤ አባቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሆስፒታል በጽዳት ሠራተኛነት ገብታ፣ ወለል እያጠበች የነርሶቹን ሥራ በዓይኗ ስትሰርቅ ከርማ፣ ማታ ማታ ተምራ ስምንተኛ ክፍልን ካለፈች በኋላ ነው ድሬሰር ለሚባለው የጤና ረዳትነት የሠለጠነችው። ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ረጅም ነው። ክረምት ከበጋ የጎማ ቡት ትጫማለች። በሥራዋ መጠራጠር የሚባል ነገር አልፈጠረባትም፤ ሐኪም ቢሳሳት እዚያው ሐኪሙ ፊት ትናገራለች። ይህን ጠባይዋን እወድላት ነበር፣ አንዳንዴ ደግሞ ያቃጥለኝ ነበር።

በ1975 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ፣ ከአሪቻ በላይ ባለች መንደር ሽብሩ የሚባል ገበሬ ቀፎ ሊያወርድ ዋንዛ ላይ ወጥቶ ወደቀ። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሚስቱ ዳመነች የዚያን ዕለት ቡና ማጠቢያው ጋ ሥራ ላይ ነበረች፤ ከሥራዋ ጠርተው ነው የነገሯት። ሁለት ወር ሆስፒታል ተኝቶ ነፍሱ ተረፈች። ከወገቡ በታች ግን አይንቀሳቀስም፣ ቢቆነጥጡትም አያውቅም። ሲወጣ ሐኪሙ ለዳመነች የነገሯት አንድ ነገር ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው የሚገድለው ስብራቱ ሳይሆን መኝታው ነው፤ ቆዳው ቆስሎ ቁስሉ አጥንት ከደረሰ አበቃለት። ከዚያ በኋላ ያለው ክትትል ለክሊኒካችን ተላለፈ፤ ለጽጌማርያም ማለት ነው።

የካቲት ላይ ቤቱ ድረስ ሄድን። ጽጌማርያም የምታውቀውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው። ጤነኛ ሰው እንቅልፍ ላይም ሆኖ ሳያውቀው ይገላበጣል፤ ጎኑ ሲደክመው ይዞራል። የሽብሩ ገላ ግን መድከሙን አይናገርም። በአንድ ጎኑ ከቆየ ሥጋው በአጥንትና በአልጋ መካከል ተጨፍልቆ ደም አይደርሰውም፣ ደም ያልደረሰው ሥጋ ደግሞ ይሞታል። ስለዚህ በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡት፣ ቆዳው ላይ ቀይ ነገር ካያችሁ ጥሩኝ አለች። ሦስት ጊዜ ደገመችላቸው፤ ዳመነችንም በቃሏ አስባለቻት። ዳመነች አንድም ሳታዛንፍ «በየሁለት ሰዓቱ» አለች። ጽጌማርያም ደስ ብሏት ወጣች፤ እኔም ሣጥኔን ተሸክሜ ተከተልኩ።

ከዚያ የክትባት ዘመቻ መጣና ሁለታችንም በፍስሐ ገነት በኩል ሦስት ሳምንት ቆየን። መጋቢት ላይ ተመልሰን ወደ ሽብሩ ቤት ስንሄድ ሽታው ከበሩ ተቀበለን። ጽጌማርያም ቆም አለች። አፍንጫዋ ከዓይኗ ቀድሞ ነገሩን አውቆታል።

ቤቱ ጠያቂ ሞልቶታል። ሁለት ሰዎች አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል፤ የተነጠፈው ሁሉ በእነሱ ክብደት ተጎትቶ ሽብሩ ሥር ተሸብሽቧል። ሽብሩ በጀርባው ተኝቶ ጣሪያውን ያያል። ጽጌማርያም አስነሣቻቸውና እኔና እሷ ሽብሩን ወደ ጎኑ አዞርነው። ከወገቡ ሥር፣ ጭራ አጥንቱ ላይ፣ የሲኒ ማስቀመጫ የሚያህል ቁስል ነበር፤ መሐሉ ጠቁሯል። ተረከዞቹም መቁሰል ጀምረዋል።

ደሟ ፈላ። ዳመነች ላይ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወረደችባት። ባልሽን እንደ ግንድ ጥለሽ ከረምሽ፣ የነገርኩሽን በአንድ ጆሮ ሰምተሽ በሌላው አፈሰስሽው፣ ይህ ሰው ቢሞት ማን ይጠየቃል አለቻት። ብዙ ተናገረች። እኔ እንኳ ልብስዋን ጎተት አድርጌ በቃሽ ልላት ዳድቶኝ ነበር። ዳመነች ግን ክንዶቿን አጣምራ እስክትጨርስ ጠበቀቻት። ከዚያ ቀስ ብላ እንዲህ አለች፦

«ሲስተር፣ አንቺ በየሁለት ሰዓቱ አልሽ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ትምህርት ቤት ደወል ይመታል፣ እናገላብጣለን። ማታ ሁለት ሰዓት ሬዲዮ ዜና ይላል፣ እናገላብጣለን። ቅዳሜ እሑድ ደወል የለም፤ መምህሩ ቤት ሰው ልኬ ሰዓት እጠይቃለሁ። አንድ ቀን አላለፈም።»

በየሁለት ሰዓቱ፤ ማለትም ሁለት ሰዓት በሆነ ቁጥር። በቀን ሁለት ሰዓት የሚሆነው ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው፣ ጠዋትና ማታ። ሴትዮዋ የተባለችውን ልክ እንደተባለችው ፈጽማለች፤ ቤቷ ሰዓት ሳይኖር በሰዓቱ። በአማርኛ አፍ ያልፈታች ሴት ቀርታ እኔም ብሆን እንዲያ ልሰማው እችል ነበር።

«ቀይም አላየንም» ብላ ጨመረች ዳመነች። በየቀኑ ታየው ነበር፤ መጀመሪያ ጠቆረ፣ ከዚያ ተላጠ፣ ቀይ የሚባል ግን አልመጣም። መቼም አይመጣም። ጽጌማርያም የተማረችበት መጽሐፍ ስለ ፈረንጅ ቆዳ ነው የሚያወራው፤ በእኛ ቆዳ ላይ ቀዩ አይታይም። ይህን ታውቃለች፣ ራሷ በእጇ ዳብሳ ነው የምታውቀው። ለሰው ስትናገር ግን ከአፏ የወጣው መጽሐፉ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያድበሰብሳል። እኔ ብሆን፣ አልዋሻችሁም፣ ሆስፒታሉን ወይ ዘመቻውን አመካኝ ነበር። እሷ ግን ቀጥ ብላ ቆማ፣ ስትሳደብ የሰማትን ያንኑ ሰው ሁሉ እያየች ተናገረች። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ዳመነች ያልኳትን አድርጋለች። እኔ ሰዓቱን ነገርኳት እንጂ ሥራውን አልነገርኳትም።» የዳመነችን እጅ ይዛ ይቅርታ ጠየቀቻት። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ድምፅዋ አልተሰበረም። ክሊኒክ ስንመለስ ካርዱ ላይ «የቁስሉ ምክንያት» ከሚለው ፊት ለፊት «የጤና ረዳቷ አነጋገር» ብላ ጻፈች። ኃላፊያችን ደልዢው ቢላት እምቢ አለች፤ ካርዱን በእጄ ይዤው ስለነበር አውቃለሁ።

ያን ቀን ግን ከቤቱ ሳንወጣ ሌላ ጥያቄ ጠየቀች። ዳመነችን፣ ማጠቢያው ጋ ሥራሽ ምንድን ነው አለቻት። ዳመነች ቡና አልጋ ላይ ነበር የምትሠራው። የታጠበው ቡና በረጃጅም የእንጨት አልጋ ላይ ይሰጣል፤ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ቆመው ቀኑን ሙሉ በእጃቸው ያገላብጡታል።

«በስንት በስንት ሰዓት ነው የምታገላብጡት?» አለቻት ጽጌማርያም።

ዳመነች በጥያቄው ሳቀች። «ቡና ምን ሰዓት አለው? ዝም ብለሽ ካስተኛሽው ከታች ይሞቃል፣ ይሻግታል። እጅሽን ታስገቢያለሽ። ሞቆ ካገኘሽው ዘግይተሻል።»

ጽጌማርያም ወደ ሽብሩ እያመለከተች «ይኸውልሽ» አለች። «ይኼም አልጋ ላይ ነው ያለው።»

ከዚህ በኋላ ብዙ ማስረዳት አላስፈለጋትም። ዳመነች ሄዳ የእጇን ጀርባ ባሏ ዳሌ ላይ አሳረፈች፤ ከዚያ ትከሻው ላይ፣ ከዚያ መልሳ ዳሌው ላይ። ሙቀቱን ለየችው። ቆዳው ሞቅ ካለ ወይም ጠንከር ካለ ያ ቦታ ደም አጥሮታል ማለት ነው፣ እስኪበርድ ድረስ አይተኛበትም። በሁለት ወር የነርስ ትምህርት የማይገባውን፣ ስንት ዓመት ቡና ያገላበጠ እጅ በአንድ ጊዜ ተቀበለው።

የቀረው ማን ያገላብጠዋል የሚለው ነበር። ዳመነች እርሻ አለባት፣ እንሰት አለባት፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉባት። ጽጌማርያም ዙሪያዋን ቃኘች። ቤቱ ጠያቂ ሞልቶታል ብያችኋለሁ። እዚያ አገር ታማሚ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ ቀን ሙሉ ሰው ገብቶ ይወጣል። ይገባል፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፣ ይጸልያል፣ «አትንኩት፣ ይረፍበት» ይላል፣ ይወጣል። ጽጌማርያም ያንን ሁሉ ሰው ሥራ አስያዘችው። ከዛሬ ጀምሮ አልጋው ላይ የሚቀመጥ የለም። የሚገባ ሁሉ እጁን ይታጠባል፣ ሽብሩን ሰላም ከማለቱ በፊት ያዞረዋል። ፊቱ ወደ በር ከሆነ ወደ ምድጃ፣ ወደ ምድጃ ከሆነ በሆዱ፣ በሆዱ ከሆነ ወደ በር። በጀርባው፣ ቁስሉ እስኪድን፣ በጭራሽ። አይጎተትም፤ ሁለት ሆነው በአንሶላው ያነሱታል፣ መጎተት ቆዳ ይልጣል። የረጠበ ነገር ሥሩ አያድርም። ባዶ እጁን መምጣት የከበደው ሰው ስኳር ሳይሆን እንቁላል ያምጣ፤ ቁስል የሚሞላው በሚበላ ነገር ነው።

ይህን ሁሉ ስትናገር ያልተስማማ አንድ ሰው ነበር፤ ሽብሩ። እስከዚያ አንድ ቃል አልተነፈሰም ነበር።

«ተዪኝ ሲስተር» አለ። «ጎረቤት ሁሉ ገላዬን ያየዋል? ተሸፍኜ ልሙት።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ጽጌማርያም ቀስ ብላ ስታወራ ሰማኋት። ገላህን ማንም አያይም፣ በጋቢ ተሸፍነህ ነው የምትዞረው፣ አለችው። ከዚያ አልጋው አጠገብ ቁጢጥ ብላ፣ «ይህ ቁስል የተከፈተው በእኔ አፍ ነው። እስክዘጋው ድረስ መሞት አትችልም» አለችው። ሽብሩ ፊቱን ወደ ግድግዳ መለሰ። እምቢም እሺም አላለም፤ እሷ እንደ እሺ ቆጠረችው።

አንድ ቀን እየዘለለች መመላለስ ጀመረች፤ መሄጃው ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። የሞተውን ሥጋ በመቀስ ቆረጠች፤ ሽብሩን አላመመውም፣ እኔ ግን አሞኝ ውጭ ወጣሁ። ውሃ በጨው አፍልታ፣ አቀዝቅዛ ታጥበዋለች። ለዳመነችም እያሳየቻት በአሥር ቀን ውስጥ ሥራውን ተካፈሉት። ፍራሹ ደረቅ የእንሰት ቅጠል የታጨቀበት ነበር፤ በተኛ ቁጥር ቅጠሉ እየተጨፈለቀ ይጠጥራልና በየሳምንቱ እየፈቱ አዲስ እንዲሞሉበት አደረገች።

ጠያቂውም ደንቡን ያዘ፣ እንዲያውም ከልክ በላይ ያዘው። በመጀመሪያው የገበያ ቀን ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ እየገባ ሲያዞረው፣ ሽብሩ እስከ እኩለ ቀን ዘጠኝ ጊዜ ተገላብጦ ራሱን አዞረው። «ከእንግዲህ ወስዳችሁ ማጠቢያው ጋ አስጡኝ» ብሎ ጮኸ። ከወደቀ ወዲህ ሰው ያሳቀው የዚያን ቀን ነው። ጽጌማርያም ደንቡን አሻሻለች፤ አሁን ከተዞረ፣ ቀጥሎ የመጣው በእጁ ጀርባ ይዳብሰው፣ ካልሞቀ ይተወው።

ሚያዝያ ላይ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ይርጉ ድንገት ገቡ። ጊዜው የጸሎት ቤቶች የተዘጉበት ነበር። ሰው በየቤቱ ሲሰበሰብ በክፉ ይታያል፣ የሽብሩ ቤት ደግሞ ጠዋት ማታ ሰው አይለየውም። ሊቀመንበሩ፣ እዚህ ቤት በሕመም ስም ስብሰባ ይካሄዳል የሚል ጥቆማ ደርሶኛል አሉ። ሰዉ ሁሉ መሬት መሬት አየ። ጽጌማርያም ቁስሉን ፈትታ ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እዚህ ቤት የገባ ሁሉ ሥራ አለው» አለች። «እጅዎን ይታጠቡና በዚያ በኩል አንሶላውን ይያዙልኝ።»

ሰውየው ምን እንደነካቸው አላውቅም፤ ታጠቡ። አንሶላውን ይዘው ሲያነሱ ቁስሉ ከፊታቸው ሆነ። ያን ጊዜ ቡጢ ይውጥ ነበር። ሊቀመንበሩ ሽብሩን ወደ ምድጃው ካዞሩ በኋላ፣ ሌሊትስ ማን ያገላብጠዋል ብለው ጠየቁ። «ዳመነች፣ ብቻዋን» አለች ጽጌማርያም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ መንደሩን በሌሊት የሚዞሩት ተረኛ ጥበቃዎች በዚያ በኩል ሲያልፉ በር እያንኳኩ ገብተው ሽብሩን አዙረው መሄድ ያዙ። ስለ ስብሰባ የጠየቀ ሰው አልመጣም። ጠያቂዎቹም ሲያዞሩት ይጸልያሉ፤ ጽጌማርያምም አፋችሁን አልከለከልኩም፣ እጃችሁን ብቻ አደራ ትላቸዋለች።

ቁስሉ ከታች ወደ ላይ መሙላት ጀመረ። በግንቦት ጥቁሩ ጠፍቶ ጤነኛ ሥጋ ታየ። በሰኔ ዙሪያው መጥበብ ያዘ። ሽብሩም ዝም ብሎ የሚገላበጥ ሰው መሆን ሰለቸው። ዳመነችን የቃጫ ገመድ ከጣሪያው ወጋግራ ላይ እንድታስርለት አዘዛት፤ ያንን እየተንጠለጠለ ወገቡን ማንሳት ጀመረ። ክንዱ ወፈረ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጽጌማርያም ፋሻውን ፈትታ ሌላ አላሰረችም። የእጇን ጀርባ ጠባሳው ላይ ብዙ ጊዜ አቆየችው። ከዚያ ውጭ ወጥታ፣ ከእንሰቱ ጀርባ ቆማ አለቀሰች፤ ማንም አላየኝም ብላ ነው፣ እኔ ሣጥኑን ይዤ ከኋላዋ ነበርኩ።

በ1981 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከዚያ መንደር ሁለት ኮረብታ ተሻግሮ አንዲት አሮጊት ግማሽ ጎናቸው ሽባ ሆነ ተብሎ ተጠራን። ማናችንም እዚያ ቤት ረግጠን አናውቅም። ጽጌማርያም እንደ ልማዷ በሩን አልፋ በቀጥታ ወደ አልጋው ስታመራ፣ በቅርብ ያገባች የምትመስል ልጅ መንገዱን ዘጋችባት። በእጇ ውሃና ሳሙና ይዛለች።

«አይሆንም ሲስተር» አለች ልጅቱ፣ በትሕትና ግን በማያወላውል ድምፅ። «በእኛ ደንብ ጠያቂ መጀመሪያ ይታጠባል፣ ታማሚውን ያገላብጣል፣ ከዚያ ነው ሰላም የሚባለው። ከአባቶቻችን ጀምሮ እንዲህ ነው።»

እኔ ሳቄን ለመዋጥ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ጽጌማርያም አየችኝ፤ የምትናገር መስሎኝ ነበር። እሷ ግን እጅጌዋን ሰበሰበች። ልጅቱ ውሃ እያፈሰሰችላት፣ ተራ ጠብቂ፣ ከፊትሽ ሰው አለ አለቻት።

ከፊቷ የነበሩት ቃሬዛ የተሸከሙ አራት ሰዎች ናቸው። ቃሬዛው ላይ፣ በጋቢ ተጠቅልሎ ቀጥ ብሎ የተቀመጠው ሽብሩ ነበር፤ ሁለት ኮረብታ አስሻግሯቸው መጥቷል። ጀርባውን ስለሰጠን መጀመሪያ አላወቅነውም። ቃሬዛውን ከአልጋው ጎን አስጠግተው አስቀመጡለት። ሽብሩ በእነዚያ በወፈሩ ክንዶቹ አንሶላውን ከወዲህ ያዘ፣ አንደኛው ተሸካሚ ከወዲያ ያዘ፣ አሮጊቷን ሳይጎትቱ አንሥተው ወደ ምድጃው አዞሯቸው። የእጁን ጀርባ ዳሌያቸው ላይ አሳርፎ ትንሽ ጠበቀ።

«አልሞቀም» አለ። ከዚያ «እንዴት አደሩ እማማ» አላቸው።

ጽጌማርያም የታጠበ እጇን እንዳንጠለጠለች ከኋላው ቆማ ተራዋን ትጠብቅ ነበር።